ኦቲዝም ያላቸው አዋቂዎች የሚንቀሳቀሱበትና ተቀምጠው የሚያሳልፉት ጊዜ በምን ይለካ?

ዘመነ ጥናት (አዲስ አበባ) ጠየቀ፦

ጤና ይስጥልኝ። በኅብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ጥናቴ ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች በቀን ውስጥ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀሱና ምን ያህሉን ጊዜ ተቀምጠው እንደሚያሳልፉ የሚመለከት ነው። በአገራችን ስለ ኦቲዝም ሲነሣ ንግግሩም አገልግሎቱም በአብዛኛው በልጆች ላይ ያተኩራል። ይሁንና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል፤ ስለ እነዚህ ጎልማሶች ጤና ግን በቁጥር ተደግፎ የተጻፈው ጥቂት ነው።

ከውጭ አገር የሚወጡት መረጃዎች ያሳስባሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የስዊድን የመዝገብ ጥናት 27 ሺህ ያህል ኦቲዝም ያላቸውን ሰዎች ተከታትሎ፣ በጥናቱ ዘመን ከሞቱት መካከል ኦቲዝም የነበራቸው በአማካይ በ54 ዓመታቸው ገደማ፣ በንጽጽር ቡድኑ የነበሩት ደግሞ በ70 ዓመታቸው ገደማ ማረፋቸውን አሳይቷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከሰሜን ካሊፎርኒያ የጤና መድን መዝገብ የተሠራው ጥናትም የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመምና ከልክ ያለፈ ውፍረት በእነዚህ አዋቂዎች ዘንድ ከፍ ብለው እንደሚታዩ ዘግቧል። የእንቅስቃሴ ማነስ በዚህ ውስጥ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ለመናገር መጀመሪያ እንቅስቃሴውን በትክክል መለካት ያስፈልጋል፤ የተቸገርሁትም እዚሁ ላይ ነው።

በእጄ ያሉት አማራጮች ሁለት ናቸው። አንደኛው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና 16 ጥያቄዎች ያሉት የአካል እንቅስቃሴ መጠይቅ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተካሄደው የስቴፕስ ዳሰሳ (ተላላፊ ላልሆኑ በሽታዎች የሚያጋልጡ ነገሮችን የሚያጠና አገር አቀፍ ጥናት) ላይ ስለዋለ እንደ አዲስ ማዘጋጀት አያስፈልገኝም፤ አማካሪዬም ወላጆች ይሙሉትና ሥራው ይለቅ ይላሉ። ሁለተኛው በውሰት የማገኘው፣ በላስቲክ ቀበቶ ወገብ ላይ የሚታሰር አክስለሮሜትር፣ ማለትም የሰውነትን መነቃነቅ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ነው። መሣሪያውን ስንሞክር ግን ሁለት ነገሮች ገጠሙኝ። አንድ ወጣት ቀበቶውን ካሰርንለት ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ፈታው፤ በሥርዓት ጠቅልሎም መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። ሌላ ወጣት ሴት ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትወዛወዝ በዓይኔ እያየኋት፣ መሣሪያው ያንን ጊዜ «ቀላል እንቅስቃሴ» ብሎ መዝግቦላታል።

እንግዲህ የወላጆችን መልስ ልመን ወይስ መሣሪያውን? መወዛወዙን እንደ ስሕተት ቆጥሬ ከመረጃው ላውጣው ወይስ ልተወው? ቀበቶውን የማይቀበሉትንስ ከጥናቱ ማስወጣት ተገቢ ነውን? በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወይም ጉዳዩን በቅርብ የምታውቁ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

የመለኪያ ነገር መለሰ፦

ሰላም ለእርስዎ። በአውሮፓ በእንቅስቃሴ መለኪያዎች ላይ የሚሠራ አንድ የምርምር ቡድን አባል ነኝ፤ ስለ መሣሪያዎቹ የማውቀውን ላካፍልዎ።

መሣሪያ ከመምረጥዎ በፊት፣ ሊለኩ የተነሡት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መሆኑን ይለዩ። ተቀምጦ መዋልና በቂ እንቅስቃሴ አለማድረግ አንድ አይደሉም፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሙሉ ሮጦ ቀሪውን ቀን ወንበር ላይ የሚውል ሰው አለ። የዘርፉ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. በስምምነት ባወጡት ትርጓሜ መሠረት ተቀምጦ መዋል የሚባለው፣ ሰው ነቅቶ ሳለ ተቀምጦ፣ ጋደም ብሎ ወይም ተኝቶ የሚያደርገውና የኃይል ፍጆታው ከ1.5 ሜት የማይበልጥ ማንኛውም ተግባር ነው። አንድ ሜት ሰውነት ዐርፎ ሲቀመጥ የሚያወጣው ኃይል ነው። በትርጓሜው ውስጥ አቋምም የኃይል መጠንም እንዳሉበት ልብ ይሏል። ወገብ ላይ የሚታሰረው መሣሪያ ግን አቋምን አያይም፤ የወገብን መነቃነቅ ብቻ ይቆጥርና በደቂቃ ከ100 ካውንት (መሣሪያው የመነቃነቅን መጠን የሚገልጽበት አሃዝ) በታች የሆነውን ሁሉ እንደ መቀመጥ እንዲወሰድ ያደርጋል።

ይህ ግምት ወደ እኛ ኑሮ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ለማየት እሑድ ጠዋት የሚያስቀድስ ሰው ያስቡ። መቋሚያውን ተደግፎ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲቆም ወገቡ እምብዛም ስለማይነቃነቅ፣ መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ እንደቆየ ይቆጥርበታል። እርስዎ ያዩአት ወጣት ደግሞ ከወንበሯ ሳትነሣ ስትንቀሳቀስ እንደቆየች ተደርጋ ተመዘገበች። የቆመው ተቀምጧል፣ የተቀመጠችው ተንቀሳቅሳለች ተባለ ማለት ነው፤ በዚህ መሣሪያ ላይ ተመሥርቶ «ኦቲዝም ያላቸው አዋቂዎች ከሌሎች ይልቅ ይቀመጣሉ» ወይም «አይቀመጡም» ብሎ መደምደም እንዴት እንደሚቻል አይታየኝም።

ተቀምጦ የሚያልፈውን ጊዜ ለመለካት የሚሻለው ጭን ላይ የሚለጠፍ መሣሪያ ነው፤ ከእነዚህም አክቲቭፓል የተባለው በሰፊው የታወቀ ነው። መሣሪያው የጭንን ዝንባሌ ይከታተላል፤ ጭን ሲጋደም ተቀምጧል ወይም ተኝቷል፣ ቀጥ ሲል ቆሟል፣ ቀጥ ብሎ በእርምጃ ምት ሲንቀሳቀስ ይራመዳል ብሎ ይመዘግባል። ሰው ወንበር ላይ ሆኖ ቢወዛወዝ ጭኑ ያው እንደተጋደመ ስለሚቆይ በአቋም ረገድ የተቀመጠ መሆኑ አይሸፈንም። ጉድለት የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ተንበርክኮ የሚሠራ ሰው ጭኑ ቀጥ ስለሚል እንደ ቆመ ሊቆጠር ይችላል፤ በእንቅልፍ ያለፈውን ሰዓት ነቅቶ ከመጋደም ለመለየትም የእንቅልፍ ማስታወሻ ያስፈልጋል።

የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው እንደ ሰዓት ስለሚታይ በቀላሉ ይለመዳል፤ ባዮባንክ በተባለው ትልቅ የብሪታንያ የጤና ጥናት ወደ 100 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ለ7 ቀን ያደረጉት እንዲህ ያለውን ነው። ይሁን እንጂ እጁን ለሚያርገበግብ ሰው ከሁሉም ይልቅ አሳሳች የሚሆነው ይኸው ነውና ለእርስዎ ጥናት ብቻውን አልመርጠውም።

ስለ መለያ ወሰኖቹም አንድ ነገር ልጨምር። መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚጀምረው በደቂቃ ከ1,952 ካውንት ነው የሚለው በብዙ ጥናት ላይ የሚጠቀስ ወሰን በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው 50 ጤናማ አዋቂዎች በትሬድሚል ላይ ሲራመዱና ሲሮጡ ተለክተው ነው። አረማመዱ ለየት ላለ ሰው፣ ለምሳሌ በጣቶቹ ጫፍ ለሚራመድ ሰው፣ ያ ወሰን ያንኑ የኃይል ፍጆታ ስለማመልከቱ ማረጋገጫ አይሆንም። ስለዚህ ውጤትዎን «መካከለኛ» እና «ከባድ» ብለው ከመከፋፈል ይልቅ የእርምጃ ብዛትንና በአቋም የተለየውን ጊዜ ዋና ውጤት ቢያደርጉ ይሻላል።

ከመሣሪያው ሶፍትዌር ጋር ሲሠሩ የሚያጋጥም ሌላም ወጥመድ አለ። ለረጅም ጊዜ ዜሮ የተመዘገበበትን ሰዓት፣ እንደ ስሌቱ ዓይነት 60 ወይም 90 ደቂቃ ተከታታይ ዜሮ ሲገኝ፣ ሶፍትዌሩ «መሣሪያው ወልቆ ነበር» ብሎ ያስወጣዋል። ኮምፒዩተር ፊት ለፊት ወይም በሚወደው ሥራ ተመስጦ ሳይነቃነቅ የሚቀመጥ ሰው ካለ የሚሰረዘው ሊለኩት የፈለጉት ያው የመቀመጥ ጊዜ ነው። ከ90 ደቂቃው ስሌት ይነሡና ውሳኔውን ከቤተሰብ ማስታወሻ ጋር ያመሳክሩት።

መወዛወዙን በሚመለከት፣ ከመረጃው አያውጡት፤ እንደ እርምጃም አይቁጠሩት። ፈቃድ ከሰጡ ጥቂት ተሳታፊዎች ጋር በቪዲዮ እየቀረጹ መሣሪያውን ያስደርጓቸው። ቀረጻው ሲጀመር መሣሪያውን ካሜራው ፊት ሦስት ጊዜ በኃይል ያራግፉት፤ በግራፉ ላይ ሦስት ሹል ጫፎች ስለሚታዩ ቪዲዮውንና መረጃውን በሰከንድ ደረጃ ማገጣጠም ይችላሉ። ከዚያ በኋላ መወዛወዙ በግራፉ ላይ ምን እንደሚመስል በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይናገራሉ።

መንገደኛው (ሜሪላንድ) መለሰ፦

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ጠቃሚ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሚለኩት ወገን ሆኜ ልጻፍ። ኦቲዝም እንዳለኝ በሐኪም የተረጋገጠው በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ ውስጥ ነው። ይህንኑ የአካል እንቅስቃሴ መጠይቅ በአንድ ጥናት ላይ ሞልቻለሁ፤ የሰጠሁት መልስ ኑሮዬን አይገልጥም ብዬ አምናለሁ፤ የዋሸሁት ነገር ግን የለም።

መጠይቁ እንቅስቃሴን በሥራ፣ ከቦታ ወደ ቦታ በመጓዝና በመዝናኛ ከፍሎ ይጠይቃል። እኔ በቀን ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የምራመደው በቤቴ ኮሪደር ስንጎራደድ ነው፤ ስልክ ሳወራ፣ ሳስብ፣ ወይም ቀኑ ሲከብደኝ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እመላለሳለሁ። ይህ ሥራ አይደለም፣ ወደ የትም አልሄድሁበትም፣ ስፖርት ብዬም አልያዝሁትም። ስለዚህ የምጽፍበት ቦታ አጣሁና ተውሁት። ከዚህም ሌላ መጠይቁ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ያልተቋረጠውን ብቻ ቁጠር ይላል፤ እኔ ደግሞ መስኮቱ ጋ ስደርስ ጥቂት እቆማለሁና ተቋርጧል ብዬ ቆጠርሁት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የ10 ደቂቃውን ገደብ አንሥቶታል፤ አካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎችም ለብቻው ምክር ያካተተው በዚያው መመሪያ ነው። መጠይቁን እንዳለ የሚጠቀም ተመራማሪ ግን ያንን የተነሣ ገደብ አሁንም ይዞ ይጠይቃል።

«በተለመደ ሳምንት» የሚለው አነጋገርም ለእኔ ዓይነቱ ሰው ጭንቅ ነው። የትኛው ሳምንት? ያለፈው ሳምንት ዝናብ ነበረ፣ ከዚያ በፊት የነበረው እረፍት ወጥቼ ነበር፤ ሁለቱም የተለመዱ አይደሉም። «ያለፈው ሐሙስ ጠዋት ከእንቅልፍህ ተነሥተህ ምን አደረግህ? ከዚያስ?» ብሎ በቅደም ተከተል የሚጠይቀኝ ባገኝ ግን ዝርዝሩን ሳልሳሳት እነግረው ነበር። በተጨማሪም የእንቅስቃሴውን ክብደት የሚለዩት በአተነፋፈስና በልብ ምት መጨመር ነው። ብዙዎቻችን ከውስጥ የሚመጣውን የሰውነት ምልክት በጊዜው አንለይም፤ ደረጃ ወጥቼ ማላቤን የማውቀው ሸሚዜ ሲርስ ነው። በሐኪሞች ዘንድ የተለመደው «እየተንቀሳቀሰ መነጋገር ይችላል፣ መዝፈን ግን አይችልም» የሚለው መለያም በቃል ለማይናገር ሰው አይሠራም። የልብ ምትን በመሣሪያ ብትለኩም ተጠንቀቁ፤ ሰው የበዛበት ሱቅ ውስጥ ቆሜ ብቻ የልቤ ምት ስሮጥ ከሚሆነው አይተናነስም።

እዚህ አሜሪካ አስፓየር የሚባል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች በእኩልነት የሚመሩት የምርምር ኅብረት አለ። መጠይቆችን ሲያሻሽሉ አሻሚ ቃላትን ይለውጣሉ፣ ከጥያቄው በፊት ለምን እንደሚጠየቅ የሚያስረዳ አጭር መግቢያ ያስቀምጣሉ፣ አስቸጋሪ ቃል ላይ ፍቺ ይጨምራሉ፣ የመልስ አማራጮችን በሥዕል ይደግፋሉ። እርስዎም አማርኛውን መጠይቅ ወደ መስክ ከመውሰድዎ በፊት ኦቲዝም ካላቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ጋር ቁጭ ብለው፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ምን ብለው እንደተረዱት ይጠይቋቸው።

ቀበቶውን ጠቅልሎ ስለመለሰልዎት ወጣት ደግሞ እንዲህ ላስብ፦ ላስቲኩ ቆዳን ይቆነጥጣል፣ ሲቀመጡ ይታጠፋል፣ የመቆለፊያው ድምፅም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መቼ እንደሚወልቅ አልተነገረው ይሆናል። ከቀናት በፊት መሣሪያውን ያለ ቀበቶ እንዲነካካው ይስጡት፤ ከልብስ በላይ፣ ከልብስ በታች፣ በቀኝ ወይም በግራ ብለው ምርጫ ያቅርቡለት፤ የሚያበቃበትን ቀን በካላንደር ላይ ምልክት አድርገው ያሳዩት። እንዲያም ሆኖ ካወለቀው እምቢ ማለቱ ነው። በቃል ባይናገረውም ፈቃዱን አንሥቷልና አይለማመጥ።

ለ«የመለኪያ ነገር» አንድ የማልስማማበት ነጥብ አለኝ። በጣቶች ጫፍ መራመድንና መንጎራደድን ወሰን እንደሚያዛባ ነገር ብቻ አድርጎ ማየት አይበቃም። በኮሪደሬ የምሄደው መንገድ እግሬ የሄደበት እውነተኛ መንገድ ነው፤ ጡንቻዬም ልቤም ሠርተውበታል። ተመራማሪ «የተደጋጋሚነት ባሕርይ» በሚል ርዕስ ሥር ወስዶ ከእንቅስቃሴ ተራ ቢያወጣው፣ ከእኛ እንቅስቃሴ ትልቁን ክፍል አስወጥቶ ሲያበቃ «አይንቀሳቀሱም» ሊለን ነው።

የአቤል እናት (አዳማ) መለሰች፦

ልጄ 26 ዓመቱ ነው፤ በቃል እምብዛም አይናገርም። ወላጆች ይሙሉት የሚለውን ሐሳብ በተመለከተ የምናየውንና የማናየውን ለይቼ ልንገርዎ።

ከቤት ሲወጣና ሲገባ አውቃለሁ፤ ያለ እኔ ወይም ያለ ወንድሙ ስለማይወጣ ስለ መንገዱ የምሰጠው መልስ ይታመናል። ምን ያህል ተቀመጠ ብትሉኝ ግን ከሥራ ስመለስ ሶፋው ላይ ስለማገኘው «ቀኑን ሙሉ» ነው የምለው። አብራው የምትውለው የአክስቴ ልጅ ግን በጓሮ በኩል ከበሩ እስከ ውኃ ሮቶው ድረስ ሲመላለስ እንደሚያረፍድ ነግራኛለች። ሁለታችንን ለየብቻ ብትጠይቁን የአንድ ሰው መልስ አይመስልም። ስለዚህ ቅጹን ማን እንደሞላው፣ በቀን ስንት ሰዓት አብሮት እንደሚውልም ይጻፍበት። ሌሊት ተነሥቶ የሚንጎራደደውንማ ማናችንም በደንብ አናውቀውም።

ስለ ቀናቱም ልናገር። በሰሙነ ሕማማት ቤተ ክርስቲያን እንወስደዋለን፤ ስግደቱን ይወደዋል፣ ሰው ቢያቆም እሱ አያቆምም። በዚያ ሳምንት የተለካ ሰው የዓመቱን መልክ አያሳይም። በፋሲካ ማግስት ደግሞ በተቃራኒው ቤት ውስጥ እንውላለን። የረመዳን ወርም ለሙስሊም ቤተሰቦች እንዲሁ ይመስለኛል። ሳምንቱን ስትመርጡ ይህን አስቡበት።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ቁጥሩ ልጄ ብዙ ይቀመጣል ቢል፣ ለምን እንደሚቀመጥ መሣሪያው አይናገርም። ሰፈር ውስጥ ሰው ስለሚያፈጥበት፣ በታክሲ ውስጥ ጆሮውን ሲይዝ ረዳቱ ስለሚያስወርደን፣ የ18 ዓመት ልደቱን ካለፈ በኋላ የሚቀበለው የስፖርት ቦታ ስላጣን ነው። ከመጠይቁ ጋር «ባለፈው ሳምንት ለመውጣት ፈልጎ ያልወጣበት ጊዜ አለ ወይ፣ ምክንያቱስ ምን ነበር?» የሚል ጥያቄ ብትጨምሩ ጥፋቱ ሁሉ በልጆቻችን ላይ አይወድቅም።

ዘመነ ጥናት (አዲስ አበባ) መለሰ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወይዘሮ፣ የወጡበትንና ያልወጡበትን ምክንያት የሚጠይቀውን ጥያቄ እርስዎ እንዳሉት አስገባዋለሁ፤ ቅጹን የሚሞላውን ሰውም እመዘግባለሁ። አማካሪዬን አነጋግሬ ጭን ላይ የሚለጠፈውን መሣሪያ በጥቂት ቁጥር ለመዋስ ጥያቄ አቅርቤአለሁ። እንደሚገኝ ቢሆን ዕቅዴ መጠይቁን ለሁሉም፣ መሣሪያውን ለሚስማሙት ማድረግና ሁለቱን ማነጻጸር ነው። ሁለት ነገር ይቀረኛል። ለመካተት ቢያንስ 4 ቀን፣ በቀን ቢያንስ 10 ሰዓት መደረግ አለበት የሚለውን የተለመደ መስፈርት ብከተል ብዙ ሰው የማጣ ይመስለኛል፤ ምን ባደርግ ይሻላል? ውጤቱንስ ከስቴፕስ አገር አቀፍ ውጤት ጋር ማወዳደር እችላለሁ?

ቁጥር ቆጣሪ መለሰ፦

ከሁለተኛው ልጀምር፤ አይችሉም። የስቴፕሱ ቁጥር ሰዎች ስለ ራሳቸው በመጠይቅ የተናገሩት ነው፤ የእርስዎ ደግሞ ከፊሉ በመሣሪያ፣ ከፊሉ በሌላ ሰው አፍ የተነገረ ይሆናል። ልዩነት ቢገኝ ከኦቲዝም ይሁን ከመለኪያው መለየት አይቻልም። ማወዳደሪያ ከፈለጉ በዕድሜ የሚቀራረቡ ወንድሞችና እኅቶች ያንኑ መሣሪያ፣ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ቤት እንዲያደርጉ ያድርጉ። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም እጅግ የጠራ ንጽጽር ይሰጥዎታል፤ የሰፈሩም፣ የቤቱም፣ የበዓሉም ተጽዕኖ ለሁለቱም እኩል ነውና።

መጠይቁንና መሣሪያውን ሲያነጻጽሩ በተዛምዶ መለኪያ ብቻ አይርኩ። በአገር አቀፍ ዳሰሳዎች ላይ በሰፊው የሚሠራበት ሌላው ዓለም አቀፍ መጠይቅ፣ ማለትም አይፓክ፣ በ12 አገሮች ተሞክሮ በ2003 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲታተም ከአክስለሮሜትር ጋር የነበረው ተዛምዶ 0.30 ገደማ ብቻ ነበር (ፍጹም ተዛምዶ 1 ነው)፤ ያውም በሙከራው ኦቲዝምን የሚመለከት የተለየ ትኩረት ሳይኖር ነው። ሁለት መለኪያዎች ደግሞ ተዛምደውም አንዱ ከሌላው በሦስት ሰዓት ሊበልጥ ይችላል። ብላንድና አልትማን በ1986 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቁት ዘዴ የሁለቱን ልዩነት ለእያንዳንዱ ሰው አስልተው፣ የልዩነቱን አማካይና ወሰን በሥዕል ያሳዩ። ሥዕሉ ላይ ወላጅ የሞላላቸውንና ራሳቸው የሞሉትን በተለያየ ቀለም ቢለዩ የአቤል እናት ያነሡት ነገር እውነት መሆን አለመሆኑ በዓይን ይታያል።

የ4 ቀኑን መስፈርት በተመለከተ ሥጋትዎ ትክክል ነው። መሣሪያውን የማይታገሡት ሰዎች በዕጣ የወደቁ አይደሉም፤ ቆዳቸው ይበልጥ የሚሰማ፣ ቀናቸው ይበልጥ የሚከብድ፣ ምናልባትም ከቤት እጅግ ያነሰ የሚወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። እነሱን አስወጥቶ የቀሩትን አማካይ መውሰድ ውጤቱን ወደ አንድ ወገን ይስበዋል። ስለዚህ አንድም ቀን ያለውን ሰው ሁሉ ያስገቡና ቀናትን በሰው ውስጥ በሚያቅፍ የተደራራቢ ደረጃ ሞዴል ይተንትኑት፤ ብዙ ቀን ያለው ሰው ብዙ መረጃ ይሰጣል፣ ጥቂት ቀን ያለውም ድምፁ አይጠፋም። ከዚያ 4 ቀን ያሟሉትን ብቻ ይዘው ደግመው ያስሉና ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ያቅርቡ። ከመጀመሪያው ያልተቀበሉትን፣ አድርገው ያወለቁትንና መሣሪያው የተበላሸባቸውን ለየብቻ ቆጥረው መዘገብም ግድ ነው። ለሚቀጥለው ተመራማሪ ከአማካዩ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ሠንጠረዥ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የ24 ሰዓቱን ክፍፍልም አይርሱት። እንቅልፍ፣ መቀመጥ፣ መቆምና መራመድ ተደምረው 24 ሰዓት ስለሚሞሉ አንዱ ሲረዝም ሌላው ያጥራል። የእንቅልፍ ችግር በኦቲዝም ውስጥ የተለመደ ስለሆነ፣ ሌሊት ለረጅም ጊዜ ነቅቶ የሚቀመጥ ሰው ቀን ቀን ከሌላው እኩል ቢንቀሳቀስም የመቀመጥ ሰዓቱ በዝቶ ይታያል። የመቀመጥ ጊዜን በሰዓት ብቻ ሳይሆን ነቅቶ ካሳለፈው ጊዜ በመቶኛ ጭምር ያቅርቡ።

በመጨረሻ ከመሣሪያው ይልቅ ብዙ መረጃ ሲያበላሽ ያየሁት የሰዓት አቆጣጠር ነው። ቤተሰቡ በእንቅልፍ ማስታወሻው ላይ «2 ሰዓት ተነሣ» ብሎ ሲጽፍ ሶፍትዌሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ በስድስት ሰዓቱ ልዩነት ምክንያት ሰውዬው በእንቅልፍ ያሳለፈው ጊዜ ነቅቶ እንደ ተጋደመ ይቆጠርበታል። የሌሊቱ ደግሞ የባሰ ነው፤ እናት «ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት ነቃ» የምትለው በኮምፒዩተሩ ዘንድ ረቡዕ 3፡00 ነው። ማስታወሻውን በእኛ አቆጣጠር ያስሞሉት፣ «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት» የሚል ምልክት የሚደረግበት ሣጥንና «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» የሚል የቀን መጠሪያ ይጨምሩበት፤ የመቀየሩን ሥራ እርስዎ በአንድ ቀመር በኋላ ይሥሩት፣ ለቤተሰብ አይተዉት። መሣሪያው የሚሞላበት ኮምፒዩተር ሰዓትም በአዲስ አበባ ሰዓት መሆኑን ከእያንዳንዱ ተሳታፊ በፊት ያረጋግጡ፤ በተለይ በውሰት የመጣ ከሆነ ባለቤቱ አገር ሰዓት ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።